ውሃ ያልተቀረጸበት ድልድይ

ውድ ባለቤቴ ታዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። በደጃችን የሚያልፈው የናይሮቢ መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ከጭነት መኪናዎቹ ኋላ የሚነሣው አቧራ ስለቀነሰ በረንዳውን እንደ ድሮው ደጋግሜ አልጠርግም።

ለሙት ዓመትህ ወዳጅህ ኢድሪስ ከናይሮቢ መጣ። እሱም እንደ አንተ ሜዳሊያ ሰብሳቢ ስለሆነ፣ እንዳያሳፍሩህ ብዬ ያንተዎቹን ከሣጥኑ አውጥቼ በአመድና በሎሚ ወለወልኳቸው። በአዳሪ ትምህርት ቤት የበር እጀታ የምናበራው እንደዚያ ነበር። አንተ ሳለህ ጨርቅ ይዤ ስጠጋ፣ «ተያቸው፤ ቢመችሽ እኔንም ትወለውዪኛለሽ» ትለኝ ነበር።

ኢድሪስ የአንድ ድልድይ ምረቃ መታሰቢያ የሆነውን ሜዳሊያ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሶሎሎ ከተማ ከአንድ ሽማግሌ ስደተኛ ያገኘኸውን ማለቴ ነው። ሜዳሊያው በብዛት ከመሠራቱ በፊት ለሙከራ የተመታ ነው፤ ጀርባው ባዶ፣ ከድልድዩ ሥር ውሃው ገና ያልተቀረጸ። ቀራጩ ውሃው የሚገባበትን ቦታ በቀጭኑ ጭሮ ምልክት አድርጎበት ነበር። እኔ ጉዳት መስሎኝ እስኪጠፋ ፈተግኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ደብተር ሳርም ኖሬ የሌላ ሰው እርማት አጠፋሁ።

«እትዬ፣ እነዚህን ማን አጠባቸው?» አለኝ።

«እሱ ነው» አልኩ። አንተን።

«ታዬ? እጁን ሳይታጠብ እንኳ የማይነካቸው ሰው? መወልወል ዋጋቸውን እንደሚያጠፋ እያወቀ?» አለና ሜዳሊያውን መልሶ አስቀምጦ፣ «ሕመሙ ሐሳቡን አናግቶት ይሆናል» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እስከ መጨረሻዋ ቀን የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ሳትስት የነገርከኝን አንተን፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ጊዜ ጅል አደረግኩህ።

በማግስቱ ጧት ኢድሪስ የሚመለስበት አውቶቡስ ሳይነሣ ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ተሳፋሪው እየሰማ በመስኮቱ በኩል እውነቱን ነገርኩት። «ዐውቄያለሁ እትዬ፤ ሎሚው እኮ ይሸታል። በሕመሙ ያሳበብኩት እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ነው» አለኝ።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው። እሱ ለእኔ የራራልኝን ያህል እኔ ለአንተ አልራራሁልህም።

ትናንት የኮትህን ኪስ ስፈትሽ ለሙከራ የተመታች አንዲት ትንሽ የመዳብ ሜዳሊያ አገኘሁ፤ ይህቺን ብቻ ስታሻት ኖረህ ኖሮ በጣትህ ወዝ ጠቁራለች። እጄ ወደ ጨርቁ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። እንደ ጠቆረች ትራስጌዬ አስቀምጫታለሁ። አንተንም ሰው ሲጠይቀኝ ሳላሳምርህ፣ ሳላጎድፍህ፣ እንደነበርከው እናገርሃለሁ።

ያላከበረችህ ሚስትህ