የጥንዚዛ ሱሪ

የካቲት 2
ለመላው ቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለሶዶ ከተማ ነዋሪ በሙሉ! ጠፍቶ የነበረው ግራ ካልሲዬ ዛሬ ረፋድ ላይ በሰላም ተገኝቷል። የተገኘውም በልጅ ልጄ በሜላት ሳጥን ውስጥ፣ የጥንዚዛ ብልቃጦች አቅፎ እንደተኛ ነው።
"እንዳይጋጩ ብዬ ነው አባባ።"
"ሳይታጠብ?"
"አልታጠበም እንዴ?!"
ደግነቱ ጥንዚዛዎቹ ቀድመው ሞተዋል።

የካቲት 4
ጥንዚዛዎቹን ለጥናቷ ያመጣቻቸው ከአባያ ሐይቅ፣ ከሁለት ደሴቶች ነው። ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው። "እስቲ ለያቸው" አለችኝ። በነጠብጣብ ለየሁ... ተሳሳትኩ። በመጠን... አሁንም ተሳሳትኩ።
"ነጠብጣብ ያታልላል አባባ። አንድ ደሴት ላይ ያሉት እንኳ አይመሳሰሉም።"
ታዲያ በምን? ፊቷ ቀላ። ማይክሮስኮፑን ገፋ አደረገችልኝ። ለካ ወንዱን ከፍታ ወንድነቱን ነው የምታየው! የአንዱ ደሴት ቀጥ ያለ፣ የሌላው ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። ሁለት ዝርያ። እስኪያስለኝ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።
"ለማንም እንዳትናገር። ለእማዬም አልነገርኳት።"
ትንፍሽ ብል ምላሴ ይቆረጥ አልኳት።

የካቲት 7
ነገ የሚልክያስ ሽማግሌዎች ሜላትን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ልጁ ጥሩ ነው፣ ይወዳታል። ቤተሰቡ ግን ሴት ልጅ ደሴት ላይ ታድራለች መባሉን አልወደዱትም። ጥናቷ ሊያልቅ ደግሞ አንድ ጉዞ ብቻ ቀርቷታል።
"ከጠየቁህ የእርሻ ምርምር ነው በል። አባባ፣ ሌላ እንዳትጨምር!"
እሺ አልኩ።

የካቲት 8፣ እሑድ
ከቸርች በኋላ መጡ። ዋናው ሽማግሌ የሚልክያስ አጎት አቶ ባዳቾ ነው። ልጄ ሣራ፣ የሜላት እናት፣ ሥጋውን በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አቀረበች። ነገሩ ጥሩ ሄደ። "ጥናቷን ትጨርስና ሰርጉ ይሁን" እስከ መባል ደርሶ ነበር። ደርሶ ነበር!
ከዚያ ባዳቾ እንዲሁ ለጨዋታ ጠየቀ።
"ሁሉም ቀይ ከሆኑ፣ ልጅቷ በምን ትለያቸዋለች?"
የእርሻ ምርምር... የእርሻ ምርምር... ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።
"ሱሪያቸውን አስወልቃ ነዋ!" አልኩ።
ማንም አልሳቀም። ዝምታ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ይብስብኛል። መንጠቆውን በጣቴ አሳየኋቸው። "ሚልክያስም ይዘጋጅ፣ በማይክሮስኮፕ ነው የሚፈተሸው!"
ባዳቾ ምግቡን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ።

የካቲት 10
መልስ መጣ። ለሣራ፣ በስልክ። ደሴቱ ይቅር፤ ካልቀረ ሰርጉ ይቀራል።

የካቲት 12
ሚልክያስ ራሱ መጣ። በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። መስኮቱ ክፍት ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?
"አንድ ዓመት ተዪው። እስኪረሱት።"
"አንተስ? አፍረህብኛል?"
ዝም።
"ሚሊ... ጥንዚዛ ነው እኮ።"
ዝም።
ይህ ዝምታ ከባዳቾ እጅ መታጠብ ይብሳል። መንገዱን የጠረግኩለት ግን እኔ ነኝ።

የካቲት 13
ይቅርታ ልጠይቅ ክፍሏ ገባሁ። በቀልድ ጀመርኩ። ሌላ መጀመሪያ የት አውቄ?
"ለእርስዎ ብቻ ነበር ያሳየሁት" አለችኝ።
እርስዎ! አፏን ከፈታች ጀምሮ አንተ ስትለኝ ኖራ...

የካቲት 16
ሜላት ዛሬ ወደ አባያ ሄደች። ሚልክያስን ትታ። ሳጥኗን ይዤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ግንባሬን ሳመችኝና "ስመለስ ሌላ ወንድ አሳይሃለሁ አባባ" አለች። ሁለታችንም ሳቅን።
ሣራ ራት ላይ አላናገረችኝም። አንድ ቀልድ መጣልኝ... ዋጥኩት።
መናኸሪያ ሄድኩ ያልኩት ፈጠራ ነው። መሳሙም፣ ሳቁም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሳጥኗን ራሷ ተሸክማ ወጣች።
"ደህና ይሁኑ" ነው ያለችኝ።