ለነፍሴ ለተጨነቁልኝ የጣቢያ አለቃ

ለተከበሩ ሲኞር ማሬሻሎ፣ የሰፈራችን የካራቢኔሪ ጣቢያ አለቃ፤

ከአገርዎ ርቀው ስለ እኛ ሲደክሙ ጤናዎ እንዳይጓደል፣ የኮልፌም ጭቃ ለጫማዎ እንዲራራ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህንነቴን ከእኔ ይልቅ ጣቢያዎ ስለሚያውቀው አላረዝምም።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ማተብ ያሰርኩ፣ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የማስቀድስ ክርስቲያን ሆኜ ጫት እቅማለሁ። ባለቤቴ ሰርኬ ባረፈች ሰሞን ጎረቤቴ ሽኩር ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ከእጁ ቀንጥቤ ቀመስኩ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። በእኛ ዘንድ ይህ ከሃይማኖት እንደ መውጣት ስለሚቆጠር ለነፍስ አባቴ ለቄስ ወልደ አማኑኤል አልተናዘዝኩም። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ምስጢሬን የያዙት እርስዎ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬንም አቤቱታዬንም ለእርስዎ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ዛፕቲያ የሚባሉት አገሬው ፖሊሶችዎ ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሽኩር ቤት በርጫ ላይ እንደተቀመጥን ጠመንጃቸውን ይዘው ይገቡና፣ ጫት ክልክል ነው ብለው ለጋውን ወስደው ገረባውን ይተዉልናል። ሕጉ የወጣው ለቅጠሉ ጫፍ ብቻ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የተወረሰው የት እንደሚቀመጥ ጠይቀን አናስቸግርም፤ የበር ዘበኛዎ ግራ ጉንጭ ነግሮናል።

፪ኛ፦ ባለፈው ሰኞ አስጠርተውኝ ወንበር ሰጡኝ። ጣቢያ ውስጥ ወንበር የተሰጠው ሰው ሲወጣ በእግሩ አይወጣም ሲባል ሰምቼ ነበርና ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ጤዛው ያልደረቀ አንድ ዙርባ ጫት ፊቴ አኖሩልኝ። ሲነጥቅ የኖረ እጅ ሲሰጥ ይበልጥ ያስፈራል። አስተርጓሚዎ አቶ ገረሱ ግን «አይፍሩ አባት፤ ማሬሻሎ የሚያስቡት ለነፍስዎ ነው» አሉኝ። ለነፍሴ የታሰበው ነገር በወረቀት ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር፦ ሽኩር ጫካ ላሉት አርበኞች መልእክት ያቀብላል፣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ካልፈረምኩ መቃሜን ቄሱ ይሰማሉ። በዚያ ቤት ያየሁት ቅጠል፣ ውሃና ወሬ ብቻ ነው፤ ቢሆንም የሳምንት ጊዜ ለመንኩ። ራሴን ስመረምረው፣ የለመንኩት ለማሰብ ሳይሆን ለመፈረም ድፍረት እስካገኝ እንደነበር አልክድም።

፫ኛ፦ ይኼኛው ከሁሉ ይብሳል። ምስጢሬን ማን አወጣው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሽኩርን ጠረጠርኩ። ሚስቱን ዘይነባንም ጠረጠርኩ፤ የላከችልኝን ቆጮ ሳልቆርስ መለስኩ። ሐሙስ ከበርጫው ስቀር ሽኩር ደጃፌ ድረስ መጥቶ «ገብሬ፣ ምን በድዬህ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «አንተ ሞኝ፣ ያ ዛፕቲያ በየሐሙሱ ማተብህን እያየ ነው ጫታችንን የሚለቅመው» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ሸሚዙን ገልጦ ጀርባውን አሳየኝ። ለካ ያንኑ ወረቀት ከእኔ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ለእሱ አቅርበውለት ኖሯል፤ በእሱኛው ላይ መልእክት አቀባዩ እኔ ነኝ። አልፈርምም ብሎ አሥራ አምስት ጅራፍ ቀምሷል። ለምን ሸሸግኸኝ ብዬ ብጠይቀው «ሐዘን ያለበት ሰው ነህ፤ ምን ልጨምርብህ» አለኝ። በዚህ ደብዳቤ ስሙን እንድጽፍ የፈቀደልኝም እሱው ነው።

ስለዚህ ጎረቤቴን በጅራፍ ስለመረመሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በሃያ ዓመት ጉርብትና ያልለካሁትን ሰው ለክተው ሰጡኝ። የእኔንም ልክ አሳዩኝ፤ እሱ ጀርባውን ሲሰጥልኝ እኔ ቆጮ መላሽ ሆኜ ተገኘሁ። ቀጠሯችን ነገ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ፊርማ ስለሌለኝ፣ ቀለምዎ እንዳይደርቅ ክዳኑን ይግጠሙበት።

ወንበሩን ለሌላ እንግዳ እንዲያቆዩልኝ እየለመንኩ፣ ለክብርዎ ስል ከጣቢያዎ በጣም ርቄ እጅ የምነሳ፣

ገብረማርያም ቱሉ
ቀራንዮ፣ እሑድ፣ ግንቦት ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለቄሱ ለመንገር ሊደክሙ ያሰቡትን ድካም አቅልዬልዎታለሁ። ዛሬ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ቄስ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተንበርክኬ ጫት መቃሜንና እርስዎ በዚህ ጥፋት ምን ሊያስፈርሙኝ እንደነበር ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናዘዝኩ።