ለሰይጣን በተሠራ ሰዓት ጉብኝት ላቀደልን መሥሪያ ቤት

ለክቡር የ«ሰማያዊ አድማስ» መዝናኛ መርከቦች የየብስ ጉብኝት ዕቅድ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የደም ግፊትዎስ? ቤተሰብዎስ? እኔ በበኩሌ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ በሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስምዎ ጠርቼ ሰላምታ ባቀርብልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ለደብራችን በላኩት ደብዳቤ ላይ ክብ ማኅተም እንጂ ስም ስላላገኘሁ፣ በማዕረግዎ ብቻ ስለጠራሁዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ ዶሎር ሺክሉና እባላለሁ። የምኖረው ማልታ፣ ከቫሌታ በወደቡ ማዶ፣ ቢርጉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ሁለተኛው በር ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ያኔ አስተማሪዬ «ዶሎር፣ ብዕርሽ እንደ አፍሽ አይቆምም» ትለኝ ስለነበር፣ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ ጥፋቱ የቆየ መሆኑን ይወቁልኝ።

ብዕር ያነሳሁት ስለ ክርስትና ልጄ ስለ ማርቴዝ ነው። ማርቴዝ እንግዶችዎን ቫሌታንና አካባቢውን የምታስጎበኝልዎ ልጅ ናት፤ ወይም እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ነበረች። በዚያ ቀን ሠላሳ ስምንት መንገደኞች መርከብ ስላመለጣቸው እርስዎ ጥፋቱን በእርሷ ላይ አድርገው ከሥራ አግደዋታል፤ የአስጎብኚነት ፈቃዷም እንዲነጠቅ ከስሰዋታል። ጉዳይዋ የሚታየው በሚመጣው ማክሰኞ ነው። ከማክሰኞ በፊት ክሱን እንዲያነሱልን እለምንዎታለሁ። ነገር ግን ምስጋና ሳያቀርቡ ልመና ነውር ስለሆነ፣ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ስለ ዕቅዱ። «ቫሌታና ማዶዋ በአንድ ቀን» የሚለውን ባለቀለም የጉብኝት መመሪያዎን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ቫሌታን የቆረቆሯት የጥንት ባላባቶች ይህን ከተማ ገንብተው ለመጨረስ ዕድሜያቸው አልበቃቸውም፤ እኔም ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማዶ ሆኜ ሳየው አልጨረስኩትም፤ እርስዎ ግን ዘጠኝ ቦታ ጨምቀው አንድ ቀን ውስጥ ከተውታል። ለካቴድራሉ፣ ሰልፉንና መጸዳጃ ቤቱን ጨምሮ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ለምሽጉ አራት ደቂቃ፣ ያውም ከአውቶቡስ ሳይወርዱ። ከሁሉ የወደድኩት ግን ሰባተኛው ረድፍ ላይ «የግል ተመስጦ፦ ስድስት ደቂቃ» የሚለው ነው። እኔ እንኳን ለመመሰጥ፣ ጫማዬን ለማውለቅም ስድስት ደቂቃ አይበቃኝም፤ የእርስዎን እንግዶች ፍጥነት ግን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰዓቱ። ይህ ዋናው ነው፤ እባክዎ ወንበርዎን ጠጋ ያድርጉ። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ግንብና ሁለት ሰዓት አለው። የቀኙ ለሰው ነው፤ እውነተኛውን ይናገራል። የግራው ለሰይጣን ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ወደኋላ ይቀራል፣ ያውም ሆን ተብሎ፤ ሰይጣን ቅዳሴ ሊያውክ ሲመጣ ያንን አይቶ እንዲዘገይ ማለት ነው። በዚህች ደሴት ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ ፊደል ሳንቆጥር ነው የምናውቀው። ሁለቱንም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሞላቸው ጋሼ ናዝዩ ለሰይጣኑ የበለጠ ይጠነቀቃል። «ምነው ለሱ እንዲህ ትጨነቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የእውነተኛው ቢሳሳት መንደሩ ሁሉ ይነግረኛል። የሰይጣኑ ልክ ቢሆን ማን ይነግረኛል?» አለኝ። ይህን ሥራዬ ብለው ለያዙ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ነው።

የእርስዎ ዕቅድ አውጪ በየካቲት መጣ፤ አንድ ለስላሳ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆየ፤ የቀኙ ግንብ ጥላ ውስጥ ስለነበር ፀሐይ የበራበትን የግራውን ፎቶግራፍ አንስቶ ሄደ። ማንንም አልጠየቀም፤ ቢጠይቅማ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር፣ እንኳን ጠይቀውኝ ሳይጠይቁኝም አወራለሁ። ከዚያ በመመሪያዎ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ ፎቶው ወጣ፤ ከሥሩም የመርከቡ ሰዓትና የስልካችሁ ሰዓት ስለሚለያይ እንዳትደናገሩ ስልካችሁን ዝጉ፣ በሥዕሉ ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ እመኑ፣ አውቶቡሱ የሚነሳው በእርሱ ዘጠኝ ተኩል ነው፣ የሚል ምክር ታተመ።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል። ይህ ሰዓት ሥራውን ይሥራ አይሥራ እስከ ዛሬ ማረጋገጫ አልነበረንም። ሰይጣን ዘግይቶ መምጣቱን ቀርቦ መስክሮልን አያውቅም። እነሆ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ቸርነት ሰዓቱ እንደሚያታልል የመጀመሪያውን ማስረጃ አገኘን። ደስታዬን ለደብራችን ቄስ ለአባ አንቶን ሳካፍላቸው፣ «ዶሎር፣ ሰውን ከሰይጣን ጋር ማመሳሰል ኃጢአት ነው» ብለው ተቆጡኝ። «ኧረ አባ፣ እኔ ምን አልኩ? ሰዓቱን ያመኑት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው» ብላቸው መሀረባቸውን አውጥተው ማሳል ጀመሩ። ሳል አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሚያዝያው ማስጠንቀቂያ። ማርቴዝ እኮ የግራውን ሰዓት ነገር ለእንግዶች ሁሉ ትናገር ነበር። እርስዎ ግን «ስለ ሰይጣንም ሆነ የመንገደኞችን የዕረፍት ስሜት ስለሚያደፈርሱ ሌሎች ርዕሶች እንዳትናገሪ» ብለው በጽሑፍ ከለከሏት። አባ አንቶን ስለ ሰይጣን ክፉ እንዳይወራበት የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን እንድነግርዎ አዘውኛል።

እናም ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አደባባዩ ደረሱ፤ በሰይጣኑ ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። ማርቴዝ፣ «ሁለት ሰዓት ነው ያላችሁ፤ በግራው ሰዓት እንዳትሄዱ፣ ትክክል አይደለም» አለቻቸው። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው የተባሉ፣ ሃውገን የሚባሉ ረጅም ሰው፣ «ለምን ትክክል አይደለም?» ሲሏት ልጅቷ ጨነቃት። ምክንያቱን እንዳትናገር ታዝዛለቻ! «እንዲሁ... የቆየ ልማድ ነው» አለች። «የቀኙ ይሆናል የተበላሸው። የእኛው የታተመው ነው» አሉ ሰውዬው መመሪያውን ከፍ አድርገው። ከጎናቸው ያሉ አንዲት ሴትዮ፣ «ሦስት ሰዓት ተኩል እረፍት! ምን ዓይነት ለጋስ ሰዎች ናቸው!» ብለው መመሪያውን ሳሙት። በጉዞው ሁሉ ቢሮዎ የተሳመው ያን ጊዜ ብቻ እንደሆነ እገምታለሁ። ማርቴዝ መከራከር አልቻለችም፤ ዕቅድዎ በዚያችው ደቂቃ በጀልባ ወደ ቫሌታ ተሻግራ ለካቴድራሉ ቲኬት እንድትሰለፍ ያስገድዳታል።

አራተኛ፤ ስለ ተዝናናሁበት ከሰዓት በኋላ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሾፌሩ ዊስቲን ክላክሱን አምባረቀው። «ኧረ ሰዎች ተነሱ፣ መርከባችሁ ሊሄድ ነው!» ሃውገን በአይብ የተሞላውን ፓስቲዚ እየገመጡ፣ «ወንድሜ፣ ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ አንተ ነህ የቸኮልከው» አሉት። «እሱ የሰይጣን ሰዓት ነው ስልዎት!» ብሎ ጮኸ ዊስቲን። ሃውገንም ወደ እኔ ዞር ብለው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፀሐይ መትቶት ነው፤ ውሃ ይስጡት» አሉኝ። ሰጠሁት። ዊስቲን ግማሽ ሰዓት ለምኗቸው፣ ሌላ ቡድን የሚያነሳበት ስለደረሰ ጥሏቸው ሄደ። እኔም በተራዬ መርከቡ አሥር ከአርባ አምስት ላይ እንደሚነሳ ለሴትዮዋ ብነግራቸው፣ እጄን መታ መታ አድርገው «አይጨነቁ፣ የኔ ደግ» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ አለመሞከሬን እናዘዛለሁ። ፓስቲዚ ላሞቅ ገባሁ።

አሥር ከአርባ አምስት ላይ መርከብዎ ጡሩምባዋን ነፍታ ከወደቡ ወጣች። እንግዶችዎ ለማየት ወደ ወደቡ ዳር ግንብ ሮጡ። ክቡር ሆይ፣ እጃቸውን አውለበለቡላት! አጨበጨቡላት! «እንዴት ታምራለች! የማን ትሆን?» አሉ ሴትዮዋ። ሃውገን ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው መዘኗትና «ከእኛዋ ትንሽ ታንሳለች» አሉ። ከዚያ ሚስታቸው ቢርጊት የተባሉት ዝምተኛዋ ሴት፣ ጣታቸውን ቀስ ብለው ዘርግተው፣ «ያ አምስተኛው ፎቅ ላይ የተሰጣው ቀይ ፎጣ... የእኔን አይመስልም?» አሉ።

የሠላሳ ስምንቱም አንገት ባንድ ጊዜ ወደ ቀኙ ሰዓት ዞረ። ሃምሳ ሁለት ዓመት በኖርኩበት አደባባይ ለእውነተኛው ሰዓት እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጠው አይቼ አላውቅም።

በኋላማ ያለቀሱም፣ የተሳደቡም ነበሩ። መድኃኒታቸው መርከብ ላይ የቀረባቸው ሽማግሌ ነበሩና የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ከዘጋች በኋላ ተመልሳ ከፈተችላቸው። ሁሉንም ለአሥራ አንድ ቤት ተከፋፈልናቸው፤ እኔ ሃውገንና ቢርጊት ደረሱኝ። ቢሮዎ በማግስቱ በአውሮፕላን ወደ ቀጣዩ ወደብ ወስዷቸዋል፤ ስለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ሃውገን ወጥ ቤቴን በሂሳብ ሊያደራጁልኝ ጀምረው ነበር።

አምስተኛ፤ ደብሩ የግራውን ሰዓት እስከ ወር መጨረሻ «እንዲያስተካክል» ስለጠየቁበት ደብዳቤ። ለጋሼ ናዝዩ አንብቤለት መልሱን ቃል በቃል እንዳደርስልዎ አደራ ብሎኛል፦ «ለስንት ዘመን ሳይስተካከል የኖረ ነገር ለአንድ መርከብ? መርከቡን ያስተካክል!» ከዚያ በኋላ ያለውን ከአደራው አውጥቼዋለሁ።

አሁን ክቡር ሆይ፣ ቀልዴን ለትንሽ ጊዜ ላስቀምጥ። እንግዶችዎ ለመርከባቸው ሲያጨበጭቡ ማርቴዝ የት እንደነበረች ልንገርዎ? ከካቴድራሉ በር ላይ፣ ሠላሳ ስምንት ቲኬት በእጇ ይዛ። በሩ እስኪዘጋ ቆማለች። ስልክ ብትደውል እንግዶቹ በትእዛዝዎ ስልካቸውን ዘግተዋል፤ ለቢሮዎ ብትደውል «ዕቅዱን ተከተይ» ተብላለች፤ ማን እንደመለሰላት ስሙን አላውቅም፣ የተደወለበት ሰዓት ግን ስልኳ ላይ አለ። ይህች ልጅ የአስጎብኚነቱን ፈተና ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈች ናት፤ አምስት ቋንቋ የተማረችው እናቷን እያስታመመች፣ ቃላቱን በየቁምሳጥኑ ላይ እየለጠፈች ነው። ያንን ሰማያዊ ባጅ ካገኘች ወዲህ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ስትወጣ ከአንገቷ አታወልቀውም ነበር። ዓርብ ዕለት በፖስታ አሽጋ መለሰችልዎ። አሁን ወጥ ቤቴ ተቀምጣ፣ ያቀረብኩላትን በሹካ እያገላበጠች፣ «እትዬ ዶሎር፣ ብነግራቸው ኖሮ እኮ...» ትለኛለች። «ነግረሻቸዋል» እላታለሁ። «ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም» ትላለች። ክቡር ሆይ፣ እንዳትነግራቸው ያደረጓት እርስዎ ነዎት፤ ልጄ በእርስዎ ጥፋት እየተጸጸተች ነው። ይህን ጸጸት እንኳ ቢረከቧት ምን ይመስልዎታል?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመመሪያዎን አሥራ ሁለተኛ ገጽ፣ የሚያዝያውን ማስጠንቀቂያ፣ እንዲሁም «አስጎብኚያችን አስጠንቅቃናለች፤ ያላመንናት እኛ ነን» የሚለውን የመንገደኞቹን ቃል አያይዤ አቅርቤያለሁ። መጀመሪያ የፈረሙት ሃውገን ናቸው። ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ ስድስቱ ፈርመዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ያልታተመ ነገር አንፈርምም ስላሉ እያሳተምንላቸው ነው። ይኸው ሁሉ ማክሰኞ ለጉዳዩ ሰሚዎች ይቀርባል፤ የመንገዳችን ሴቶችም ስለምንመጣ ወንበር እንዳያንስ አስቀድመን አሳውቀናል። ክሱን ሰኞ ካነሱ ግን ሁላችንም ቤታችን እንውላለን፤ እርስዎም አንዲት ልጅ በበደል ከእንጀራዋ እንዳልተነሳች እያወቁ በሰላም ይተኛሉ።

ጊዜዎ በደቂቃ የተሸነሸነ መሆኑን እያወቅሁ ይህን ያህል ስለወሰድኩብዎ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመርከቦችዎ የሰከነ ባሕር፣ ለዕቅድ አውጪዎችዎ ሰው የመጠየቅ ልቡና፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ ከማይጠፋ ጤና ጋር እመኛለሁ።

እርስዎን ለማክበር ማልዳ የምትነሳ፣
ዶሎር ሺክሉና
ቢርጉ፣ ከአደባባዩ ሁለተኛው በር፣ አረንጓዴው ሰገነት

ማሳሰቢያ፦ ልረሳው ነበር። ከመንገደኞቹ አሥራ ዘጠኙ በመስከረም ለአንድ ሳምንት ተመልሰው ሊመጡ ነው፤ በመርከብ አይደለም። አስጎብኚያቸው ማርቴዝ እንድትሆን ተዋውለዋል። «ማክሰኞ ፈቃዷን ቢነጥቋትስ?» ብዬ በስልክ ብጠይቃቸው፣ ቢርጊት፣ «እንግዲያውስ ያቀደልን ዳይሬክተር ራሱ መጥቶ ያስጎበኘናል፤ ይህንኑ በጠበቃ ጽፈን ጠይቀናል» አሉኝ። «ኧረ እሳቸው እኮ ከተማዋን አንድ ቀን እንኳ ረግጠዋት አያውቁም!» ብላቸው ጊዜ፣ «ምንም አይደል፤ እኛም በእሳቸው ዕቅድ መጥተን አላየናትም» አሉኝ።