ማንም በአንድ ጎኑ እንዳይውል፦ የእትዬ ሁለቴ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ሁለቴ ከአናጺ አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤታቸውን ከሚደጉሙ እናታቸው ግንቦት 4 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ናቸው። አዋላጇ ተቀብለው ሲያነሷቸው «ይቺስ ለፍታ የምትኖር ናት» ማለታቸው በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል። አዋላጇ ይህንኑ ለሁሉም ሕፃን ይሉ እንደነበር በኋላ ተደርሶበታል፤ ትንቢቱ የያዘው ግን በእትዬ ላይ ብቻ ነው ይላሉ ታላቅ እህታቸው።

«ሁለቴ» የሚለው ስም የወጣላቸው ካደጉ በኋላ ነው። የሰው በር ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ሦስተኛ የለም፤ ይገባሉ። አንድ ጎረቤት ከውስጥ «እትዬ፣ ልብስ እየለበስኩ ነው!» ብሎ ቢጮህ «ልበስ እንጂ፣ እኔ የመጣሁት እናትህን ብዬ ነው» መባሉን ዛሬም ይናገራል። ስሙን መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም ነበር። ኋላ ግን ራሳቸውም በስልክ «ሁለቴ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1950 ዓ.ም. አባታቸው ጣሪያ ሲጠግኑ ወድቀው ወገባቸው በመጎዳቱ ትምህርቱ ተቋረጠ። አባታቸው አስራ አንድ ወር በጀርባቸው ተኝተው አረፉ። የገደላቸው ስብራቱ አልነበረም፤ ከመተኛት ብዛት በጀርባቸው ላይ የተከፈተው ቁስል ነው። የማይንቀሳቀስ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ እንዳለበት ለቤተሰቡ የነገረ አልነበረም። እንዲያውም «እንዳያማቸው» ተብሎ ማንም እንዳይነካቸው ይጠበቁ ነበር። እትዬ ይህንን በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት፤ ሁለቱንም ጊዜ አንሶላ እያጠፉ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ከሕንፃው ምድር ቤት ያለ፣ መስኮቱ ከእግረኛ ጫማ ጋር እኩል የሆነ፣ እንፋሎቱ ሰውን ከሰው የማያስለይ ቦታ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ኤሌክትሪሺያን አገቡ። ከጋብቻው በፊት በነበረው አንድ ወር ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ሦስት ጊዜ ተበላሽቷል። ማሽኑ አዲስ ነበር። የክፍሉ ሴቶች ስለ ብልሽቱ መንስኤ የራሳቸው አስተያየት ነበራቸው፤ ባለቤታቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው «የፊውዝ ችግር ነው» ከማለት አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1965 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

ሰው የሰውን ሁኔታ ከፊቱ ያነብባል፤ እትዬ ከአንሶላ ያነብቡ ነበር። የትኛው በሽተኛ ላብ እንዳጠመቀው፣ የትኛው ሌሊቱን ሲወራጭ እንዳደረ፣ የትኛው ደግሞ ከተኛበት ፈቀቅ ያደረገው ሰው እንደሌለ ከእድፉ ቅርጽ ያውቁት ነበር። በ1984 ዓ.ም. አንድ ቀን ሁለት አንሶላ ይዘው ፎቅ ወጡና ለተረኛዋ ነርስ ዘረጉላት።

«ይሄ ያለፈው ወር ነው። ይሄ የዛሬ ነው። ያው ሰውዬ ነው አይደል?»

«ነው። ድነው ወጥተው ነበር፤ ጀርባቸው ቆስሎ ተመለሱ።»

«ቤታቸው ማን ያገላብጣቸዋል?»

«እሱ እንግዲህ የኛ ሥራ አይደለም፣ እትዬ።»

«የማን ነው?»

ነርሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ጥያቄው የቁጣ ስላልነበረ ይበልጥ አሳፈራት። ሰውየው እንደገና ከሆስፒታል ሲወጡ እትዬ አድራሻቸውን ይዘው፣ ከሥራ በኋላ ሄደው ሁለቴ አንኳኩ። ታማሚን በየቤቱ የሚያገላብጠው ማኅበራቸው የተመሠረተው በዚያ ምሽት ነው ማለት ይቻላል። አባሉ አንድ፣ ታማሚው አንድ ነበር።

አንድ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ሊደርስ እንደማይችል ለመረዳት አራት ቀን ፈጀባቸው። በአምስተኛው ቀን ታማሚው በሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ያሉትን ስምንት በሮች በሙሉ አንኳኩና ለእያንዳንዱ በር አንድ አንድ የማገላበጫ ሰዓት አደሉ። ባለተራዎቹ መድኃኒት አይሰጡም፣ መርፌ አይወጉም፤ ገብተው፣ ታማሚውን በትራስ ደግፈው ወደ ሌላኛው ጎን አዙረው፣ ተረከዙን አይተው፣ አንሶላውን ወጥረው፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብለው ፈርመው ይወጣሉ። ሰባት ደቂቃ ነው። ሰባት ደቂቃ የሌለው ሰው ደግሞ እትዬ እስከሚያውቁት ድረስ አልተፈጠረም።

የተራውን ነገር የያዙት በአውቶቡስ መናኸሪያ ዕድሜያቸውን የፈጁት ተራ አስከባሪ ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ለእናታቸው እርዳታ ሊጠይቁ ነበር። የወረቀቱን ዝርዝር አይተው «ይሄ ተራ ነው እንዴ? ይሄ ግርግር ነው!» ብለው ተቀምጠው አስተካከሉት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሱም። በመናኸሪያ ድምፃቸው «ግራ ሞልቷል! ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ!» እያሉ ሲያገላብጡ፣ ታማሚው የሚስቅበት ጊዜ ስላለ እትዬ አልከለከሏቸውም። የሚስቅ ሰው ሳንባው ይከፈታል ይሉ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ማኅበሩን ለማስመዝገብ ሲሄዱ የፈቃድ ክፍሉ ጸሐፊ የሚሠሩትን ጠየቋቸው።

«እናገላብጣለን።»

«ምን?»

«ሰው።»

ጸሐፊው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከብዙ ማብራሪያ በኋላ በቅጹ ላይ «የአካባቢ ጤናና ደኅንነት ድጋፍ ማኅበር» ብለው ጻፉ። እትዬ አነበቡትና «ይሄ እንግዲህ የክት ስማችን ነው» አሉ።

ሥራው እየዋለ እያደረ ሰፋ። ጥፍር መቁረጥ፣ ፀጉር ማበጠር፣ የደም ግፊት መለካት፣ ቤተሰቡ ወገቡን ሳይጎዳ ታማሚ እንዴት እንደሚያነሣ ማሳየት፣ ዓመት ሙሉ ከቤት ያልወጣን ሰው በተሽከርካሪ ወንበር እስከ መንገድ ማዶ ወስዶ ሰው ሲያልፍ ማሳየት ተጨመረ። ለአስታማሚዎችም በሳምንት ሁለት ሰዓት እረፍት ተደነገገ። በዚያ ሁለት ሰዓት አስታማሚዋ ከቤት ትወጣለች፤ ጉዳይ መፈጸም ግን ክልክል ነው። «ገበያ ደርሰሽ ከመጣሽ አልቆጥርልሽም» ይሏት ነበር። ባለቤታቸው በዚህ መካከል «አንቺ ሴት፣ እኔም አንቺን ለማየት ተራ ልያዝ?» ብለው ቢያማርሩ፣ ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት ተሰጣቸው። ሐሙስ ሐሙስ ጢማቸውን ተላጭተው በረንዳ ላይ ይጠብቁ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

እትዬ በ1993 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ሐምሌ 2001 ዓ.ም. ባለቤታቸው በድንገት አረፉ። ቀጥሎ የሆነውን እሳቸው ራሳቸው በየስብሰባው ይናገሩት ስለነበር እዚህም አይዘለልም።

የማኅበሩ ሰው በሙሉ ወደ ቀብር መጣ። ከቀብርም መልስ ከሐዘንተኛ ጋር ዋለ፣ አደረ። እያንዳንዱ «የኔን ተራ ሌላው ይይዝልኛል» ብሎ አስቦ ነበር። በማግስቱ ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ወንበር ላይም ምንጣፍ ላይም፣ ያንቀላፋውን ሰው አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«እናንተ ሁላችሁም እዚህ ከሆናችሁ፣ እዚያ ማን አለ?» አሉ።

ሌሎቹ ታማሚዎች ቤተሰብ ነበራቸው፤ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ግን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከአንገታቸው በታች የማይንቀሳቀሱ ሰው ነበሩ። እትዬ የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ በነጠላ ጫማ ወጥተው አራት ፎቅ ወጡ። መምህሩ ሃያ ሦስት ሰዓት በቀኝ ጎናቸው እንደተኙ ነበር። ዳሌያቸው ላይ የመኝታ ቁስል ተከፍቷል። እትዬን ሲያዩ መምህሩ ቀድመው ተናገሩ፦

«እግዜር ያጥናዎት። መምጣት አልቻልኩም።»

እትዬ ለባላቸው ያላለቀሱትን ለቅሶ እዚያ አለቀሱ፤ ካለቀሱም በኋላ መምህሩን ወደ ግራ አዞሯቸው።

ያ ቁስል እስኪድን ዘጠኝ ወር ፈጀ። ዘጠኙንም ወር በየቀኑ ያጠቡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ማንንም አልወቀሱም። ተራ አስከባሪው «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይስደቡኝና ይውጣልኝ» ብለው ቢለምኗቸው እንኳ «ቁጭ በልና ጻፍ» ብቻ አሏቸው። ያን ዕለት የተጻፈው አንቀጽ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ ሰባተኛው ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «የሞተ ሰው ጎኑ አይቆስልም። ተራ ያለው ሰው፣ የማንም ቀብር ቢሆን፣ አይሄድም።» በጠቅላላ ጉባኤው አንድ አባል እጃቸውን አውጥተው «የማንም ማለት የማንም ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። እትዬም «የኔንም ጨምሮ ነው» ብለው መለሱ፤ ሰዉ ያን ጊዜ ሳቀ።

ከዚያች ቀን ወዲህ በማኅበሩ እጅ ባለ ታማሚ ላይ አዲስ የመኝታ ቁስል አልተከፈተም። ይህ ሲባል የሚያምን ሐኪም ስለማይገኝ፣ በ2004 ዓ.ም. አንድ ስመ ጥር የቁስል ሐኪም ተማሪዎቻቸውን አስከትለው፣ ቀን ሳይቆርጡ መጥተው የዘጠኝ ሰዎችን ጀርባ አንድ በአንድ ተመለከቱ። አምስተኛው ቤት ላይ መነጽራቸውን ወለወሉ። ዘጠነኛው ቤት ላይ «ሴትዮ፣ የት ነው የተማሩት?» አሏቸው። «ልብስ ማጠቢያ ቤት» አሉ እትዬ። ሐኪሙ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው «ጻፉ» አሉ። የሒሳብ መምህሩም እስከ 2007 ዓ.ም. ኖረው፣ ቆዳቸው ሙሉ ሆኖ አርፈዋል። በሠላሳ ሁለት ዓመት ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሰዎች በዚህ ማኅበር እጅ አልፈዋል። ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ዲግሪ ያልነበራቸው፣ ጊዜም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው ይህንን የሠሩት። እንዴት እንደቻሉት ቤተሰቡ በቅርብ ሆኖ ሲያይ ኖሮም አሁንም በቅጡ አልገባውም።

እትዬ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በደረሰባቸው የአንጎል ደም መፍሰስ በስተግራ ያለው አካላቸው አልታዘዝ አላቸው። ተራ አስከባሪው በዝርዝሩ ላይ አስራ ሁለተኛ አድርገው ጻፏቸው። «ከላይ ላስገባዎት ነበር» ሲሏቸው «በተራዬ» አሉ። ለመገላበጥ አስቸጋሪ ታማሚ ነበሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ትራስ ያስቀመጠውን ሁሉ ያርሙ ነበር። ልጃቸው «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ተገላበጪ እንጂ!» ብላ የተቆጣችበት ቀን አለ፤ ሁለቱም በኋላ ስቀውበታል። አጥርተው መናገር በቻሉበት በመጨረሻው ሳምንት የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ሰባተኛው እንዳይሻር።»

ከስምንት ወር ከሃያ ቀን ሕመም በኋላ፣ ማክሰኞ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ78 ዓመታቸው አረፉ። ገላቸውን ያጠቡት ሴቶች ከራስ እስከ ተረከዝ አንዲት ቀይ ነጥብ አላገኙባቸውም። የተኙበት የአየር ፍራሽ የማኅበሩ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ተራ አስከባሪው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። የእትዬ ሴት ልጅ አንሶላውን ራሷ ገፍፋ ፍራሹን አስረከበቻቸው። አስር ሰዓት ላይ በሚቀጥለው መንገድ ያሉ አንዲት እናት በላዩ ላይ ወደ ቀኝ ተገላበጡ። ዝርዝሩ እንደገና አስራ ሁለት ሞላ።

አባላቱ ለዛሬው ቀብር «አንድ ሰዓት ብቻ ደርሰን እንመለስ» ብለው ተራ አስከባሪውን ለምነዋቸው ነበር። ተራ አስከባሪው የዛሬውን ዝርዝር ሲያወጡ ግን መጀመሪያ የጻፉት የራሳቸውን ስም ነው። ሌሎቹም ከሥር ከሥሩ ፈረሙ።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጆች፣ እትዬን ይበልጥ የሚያውቋቸውን ሰዎች በመካከላችሁ ስታጡ «ረሷቸው» እንዳትሉ። ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት በአራት ሰዓት፣ አስራ ሁለት ሰዎች ከቀኝ ወደ ግራ እየዞሩ ነው። አንዳቸውም እየጠበቁ አይደለም።

እትዬ ሁለቴ የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ታላቅ እህታቸውንና አንድ ወንድማቸውን በሕይወት ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ሁለቴ አንኳኩታችሁ ለገባችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ሰው በማይታመምበትና ማንም ማንንም ማገላበጥ በማያስፈልገው ስፍራ ያሳርፍልን፤ ሥራ አጥተው እንዳይጨነቁም እዚያው ያጽናናልን።