ጣቴ ያልቆመበት መስመር

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ እንዳለች፣ ደምቢ ዶሎ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ለቀብር ያላደረሰዎት ያ ሕመም ለቀቅ አድርጎዎት ይሆን? ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ ደኅና ነው? እኔ አለሁ ልበል፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲመጣ እነሳለሁ። በስልክ እንዳላወራዎት ገና «ሃሎ» ሲሉኝ ለቅሶው ይቀድመኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ልጻፍልዎት።

ልጄ ኢሊሊዬ ካረፈች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ምን ትሠራ እንደነበር በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። ፓርላማ ውስጥ የሚባለውንና የሚወሰነውን ለሕዝብ የሚያሳውቅ ድረ ገጽ አለ። ጽሑፉ ከባድ ስለሆነ ለነገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሲከፍተው ግራ ይጋባል፤ እሷ እያቀለለች እንደገና ትጽፈው ነበር። መፈተኛዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋልኛለች፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ጣቴ የቆመበትን በቀይ ታሰምርበትና ትለውጠዋለች። «የኔ ፓርላማ አንቺ ነሽ፤ ያላጸደቅሽው አይወጣም» ትለኝ ነበር። «እንግዲያው ወንበር ይሰጠኛ!» እላታለሁ። እንስቃለን።

የመጨረሻው ወረቀት ረቂቅ ሕግ እንዴት ሕግ እንደሚሆን የሚያስረዳው ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው፤ የዕድር ስብሰባ ሰዓት አልፎብኝ ነጠላዬን ለብሼ ቆሜያለሁ። «ሁለተኛ ንባብ» የሚለው አንቀጽ ላይ ስደርስ ምንም አልገባኝም። ግን ጣቴ ከቆመ እሷ ወንበር ስባ ልትጠይቀኝ ነው። ስለዚህ ሳላቆም ገፋሁት። «ገባሽ?» አለችኝ። «ገብቶኛል» አልኳት። ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ። ማክሰኞ ታመመች፣ ዓርብ ቀበርናት።

በአርባዋ ማግስት የሥራ ባልደረባዋ ሶፊ ያንኑ ወረቀት ይዛ መጣች። የኢሊሊን ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይነኩ ሊያወጡት ተስማምተዋል። ከአንቀጹ አጠገብ በልጄ እጅ «እማዬ ገብቷታል» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ፣ ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ብናገር ደግሞ በመጨረሻ የጻፈችው ሊጠፋ ነው። ብናገርም ባልናገርም ልጄን የበደልኳት መሰለኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት። ከዚያ ጣቴን እዚያው መስመር ላይ አቆምኩት። ሶፊ «እማማ፣ እዚህ ላይ ምን አስቸገረዎት?» አለችኝ፤ ልክ እንደ ልጄ። አለቀስኩና ነገርኳት። እሷም እያለቀሰች በቀይ አሰመረችበት።

ትናንት ጽሑፉ ድረ ገጹ ላይ ወጥቶ ሶፊ በስልኳ አሳየችኝ። ኮሚቴው ረቂቁን መርምሮ፣ የሰውንም አስተያየት ሰምቶ ሲመለስ፣ የምክር ቤቱ አባላት እንደገና አንብበው ይወያዩበታል ይላል። ጣቴ አንድም ቦታ አልቆመም፤ አሁን እውነትም ገባኝ። ቃሉ ግን የሶፊ ነው፣ የኢሊሊ አይደለም። ያን ዕለት ቁጭ ብል ኖሮ ይህን ራሷ ትጽፈው ነበር። የቸኮልኩለት የዕድር ስብሰባም ቢሆን እኔ ስደርስ ተበትኖ ነበር።

ለባለቤትዎ ለጋሽ ሞቱማ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ልጅዎን ገዳን ይሳሙልኝ፤ ባለቤቱንም በርቺ ይበሉልኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎትን የልጅ ልጅዎን ፋዮንም ይሳሙልኝ። እያነበበች ጣቷ ከቆመ፣ እባክዎ አያቻኩሏት።

እህትዎ ወይንሀረግ
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.