የምሥራች ለመርከቡ ስታለማምደን

ልጄ ንዋይ፣ የካርቱምን ሐሩር ያብርድልህ፤ ወጥተህ እስክትገባ እመብርሃን አትለይህ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሊልበርን፣ ደህና ነን።

እህትህ የምሥራች ለቬኬሽን በመርከብ ወስዳን ነበር። ውሃ እንደምፈራ ታውቃለህ። መርከቡ ላይ ሁሉም ሰው የአደጋ ልምምድ ያደርጋል ብላ፣ ሳንሄድ እዚሁ ሳሎን አለማመደችን። በላይፍ ጃኬት ፋንታ ደረታችን ላይ ትራስ አሰረችልን። ከዚያ የድስት ክዳን እየደበደበች «ውጡ!» አለች።

ማን ይውጣ? ባሏ መርዕድ በሩን ይዞ «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይለኛል። እኔ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም» እላለሁ። ልጆቹ ከኋላችን አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። የምሥራች ግን አልሳቀችም። «መርከቡ ሰመጠ፤ ሁላችሁም በይሉኝታ አለቃችሁ» አለችን። ከዚያ ወዲያ መግደርደር ቀረ፤ መጀመሪያ ልጆቹ፣ ቀጥሎ እኔ።

መርከቡ ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ያን ሁሉ ፈረንጅ ቀድመን ጀልባው አጠገብ ተሰለፍን። መርከበኛው ሳይቀር አጨበጨበልን። እንዴት እንደኮራሁባት! የምትሠራበት ሆስፒታል ለምን እንደሚወዷት አሁን ገባኝ። ውሃውንም ረሳሁት።

በቀደም እዚያ አብሮህ የነበረው ተገኝ ከካርቱም እንደገባ ሊጠይቀኝ መጣ። የአሜሪካ ኢንተርቪው ተራህ ሲደርስ «እናንተ ልጆች አሏችሁ፣ ቅደሙ» እያልክ ደጋግመህ እንደምትለቅ ነገረኝ። ተባረክ፣ ያሳደግኩህ እንዲህ ነው። አሁን ግን በጡቴ ይዤሃለሁ፦ ስምህ ሲጠራ ለማንም በር አትያዝ። ዝም ብለህ ግባ፣ ልጄ።

እናትህ አረጋሽ