ሕመሜን ይዤ እንድቀርብ ስለታዘዝኩበት መስኮት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን መድኃኒት ክፍል ኃላፊ፣
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ ወገብዎም ከሕመም የራቀ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። እኔ ኸሊፍ ዐብዲኑር ከቀብሪበያ እስከ ደገሀቡር ግመልና በግ ሳሻሽጥ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ደላላ ስሆን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ የጀርባ አጥንቴ ውስጥ ከገባው ካንሰር ጋር አብረን የእርስዎ ደንበኞች ሆነናል። ጠዋትና ማታ የምወስደው ማስታገሻ ተመስገን ደህና ይሠራል፤ ችግሬ በመሀል ሳይታሰብ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል አጣጥፎኝ የሚሄደው ሕመም ነው። ለእሱ የሚሆን ተጨማሪ መድኃኒት ቤቴ እንዲቀመጥልኝ ስጠይቅ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ነርሱ ዐብዲሰላም ሕመሜ ከዐሥር ስንት እንደሆነ በትሕትና ሲጠይቀኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የገበያ ልማዴ ቀደመኝ። በእኛ ሥራ ዋጋ በጨርቅ ሥር በጣት ይነገራል እንጂ በሰው ፊት አይጠራምና መጀመሪያ እጁን በፎጣዬ ሥር ስቤ ጣቶቹን ጨበጥኩ። ግራ ሲገባው ዘጠኝ አልኩ፤ ቅንድቡን ሲያነሳ ስምንት፤ ወረቀቱን ሲገልጥ ሰባት፤ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ደንግጬ በስድስት ጨረስኩ። እሱም ስድስት ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት ስደራደር እንዲህ ተሸንፌ አላውቅም።

፪. ተጨማሪው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመምተኛው ሕመሙን ይዞ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ ብቻ ነው የሚለው መመሪያዎ እጅግ ያስደንቃል። ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ባጃጅ እስኪገኝና ተራ እስኪደርሰኝ ሕመሙ ጨርሶ ይሄዳል፤ ላቤን ጠርጌ ስቀርብም ደህና ይመስላሉ ተብዬ በክብር እሸኛለሁ።

፫. ከስድስት እስከ ዐሥር ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ጤነኛ ሳለሁ እኔም አርፍ ነበር። መስኮትዎም ማረፉ ተገቢ ነው። ሕመሜ ግን የጅግጅጋ ሰው አይመስልም፤ ስምንት ሰዓት ላይ መምጣት ይወዳል።

ቀልዱን ልተውና፣ ያንን ግማሽ ሰዓት ከካንሰሩ ይልቅ እፈራዋለሁ። ልጆቼ ፊት መጮህ ያሳፍረኛል። የሚያክሙኝ ዶክተር ፈትያ ቁጥሩን ትተው መቼ እንደሚጀምረኝ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ምን እንዳልሠራ እንደሚከለክለኝ ጠይቀውኝ፣ የነገርኳቸውን ሁሉ ጽፈው መድኃኒቱን ቤቴ እንድይዝ አዘውልኛል። ማዘዣው ጠረጴዛዎ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

የመመሪያዎ አድናቂ፣ የሰልፍዎ ቋሚ አባል፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ለብዕርዎ ቀለም የሚመኝ፣
ኸሊፍ ዐብዲኑር

ማስታወሻ፦ ከሦስተኛው ቁጥር በኋላ የእጅ ጽሑፉ የተለወጠው ሕመሙ ስለመጣብኝ ነው፤ ቀሪውን እየነገርኳት የጻፈችው ልጄ ኤብላ ናት። በመሀል ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠፍቶብናል። አንድ ፊርማ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቢያሳውቁን እናመሰግናለን።